የጥንታዊ የድንጋይ ቤቶች ግዢ በገጠር መንደሮች፡ ገዢው ምን ይገዛል? ሻጩስ ምን ይሸጣል?

በሀገራችን ሰሜናዊና ማዕከላዊ ደጋማ አካባቢዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩ የድንጋይ ቤቶች በርካታ ናቸው። በሰሜን ሸዋ መንዝ በጭቃ ተያይዞ የተካበ የድንጋይ ግድግዳና የጓሳ ሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች ይገኛሉ። በትግራይ ጣሪያው በወፍራም እንጨት ተረብርቦ በአፈር የሚደለደለው ህድሞ የአካባቢው መለያ ነው። በላስታ በቀይ ድንጋይ የተገነቡት ባለአንድ ፎቅ ክብ ቤቶች፣ በወሎ ደግሞ በኮረብታ አናት ላይ የተመሠረተችው የአርጎባዎች የሾንኬ መንደር የድንጋይ ቤቶች ተጠቃሽ ናቸው።

እነዚህ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የገበያ ጉዳይ አልነበሩም። ቤት የሚወረስ እንጂ የሚሸጥ ነገር ነው ተብሎ ባልታሰበበት የገጠር መንደር፣ ልጆች ከተማ ገብተው ወላጆች ሲያልፉ ቤቱ ለዘመድ ይተው ነበር። አሁን ግን በከተማ የሚኖሩ ተወላጆች የአያቶቻቸውን ቤት ከወራሾች ላይ ለመግዛት፣ በውጭ ሀገር የሚሠሩ ወገኖች በላኩት ገንዘብ በትውልድ መንደራቸው ቤት ለማስያዝ፣ ጥቂቶች ደግሞ ቤቱን ለእንግዳ ማረፊያነት ለማዋል ሲፈልጉ ጉዳዩ ከቤተሰብ ወግ አልፎ የሕግና የአስተዳደር ጥያቄ ይሆናል።

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። መሬት በማይሸጥበት ሀገር፣ ከመሬት ሊነጠል የማይችለውን የድንጋይ ቤት የገዛ ሰው በእጁ የሚገባው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሳይዙ የሚፈጸሙ ውሎች ገዢውን ያለ ገንዘብ፣ ሻጩን ያለ መጠለያ፣ መንደሩን ደግሞ ያለ ቅርስ ሊያስቀሩ ይችላሉ።

የሕገ መንግሥቱ ሁለት ንዑስ አንቀጾች

የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የተደረገው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 መሆኑ ይታወቃል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል።

ይኸው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። ይህ መብት የመሸጥ፣ የመለወጥና የማውረስ፣ የመሬቱ ተጠቃሚነት ሲቋረጥም ንብረቱን የማንሳት፣ ባለቤትነቱን የማዛወር ወይም ካሣ የመጠየቅ መብትን ያካትታል።

ሁለቱ ድንጋጌዎች ለየብቻ ሲነበቡ ግልጽ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው በአንድ ግድግዳ ላይ ሲገናኙ ነው። ቤቱ የግል፣ ቤቱ የቆመበት መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በከተማ ይህ ልዩነት በይዞታ ማረጋገጫና በሊዝ ሥርዓት መፍትሔ ተበጅቶለታል። ቤቱ ሲሸጥ የይዞታው ማስረጃ ወደ ገዢው ስም የሚዞርበት መንገድ አለ። በገጠር ግን የይዞታ መብቱ የተሰጠው በግብርና ለሚተዳደር ሰው ሲሆን፣ መብቱም የሚተላለፈው በዋነኛነት በውርስ፣ በስጦታና ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ኪራይ ነው። ይህንን ሲመራ የቆየው አዋጅ ቁጥር 456/1997 በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 የተተካ ሲሆን፣ ዝርዝሩን ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ያስፈጽማሉ። መሬቱን በሽያጭ ማስተላለፍ ግን በአሮጌውም ሆነ በአዲሱ አዋጅ አልተፈቀደም።

ይህ ክልከላ ያለ ምክንያት የተቀመጠ አይደለም። በድርቅ ወይም በሕመም የተቸገረ አርሶ አደር መሬቱን በርካሽ ሸጦ ወደ ከተማ እንዳይፈልስ ለመከላከል የታሰበ ነው። የድንጋይ ቤቱ ጉዳይም የሚመዘነው ከዚህ ዓላማ አንጻር ነው። «ቤት ሸጥኩ» የሚለው ውል ከጓሮው፣ ከባሕር ዛፉና ከማሳው ጋር ተጠቃልሎ ሲገኝ፣ በቤት ስም የተደረገ የመሬት ሽያጭ ሆኖ ሊቆጠርና ሊፈርስ ይችላል። የውሉ ዋጋ ራሱ ብዙውን ጊዜ ይናገራል። ክዳኑ ለወደቀና ግድግዳው ለተሰነጠቀ ቤት ከግንባታ ወጪው እጅግ የበለጠ ገንዘብ ከተከፈለ፣ ትርፉ የተከፈለው ለመሬቱ ስለመሆኑ ዳኛ ለመገመት አይቸገርም።

ውሉ በማን ፊት?

በገጠር የቤት ሽያጭ በአብዛኛው የሚፈጸመው በሽማግሌዎች ፊት ነው። በወረዳ ከተማ በሚገኝ የጽሕፈት አገልግሎት ውል ይጻፋል፤ ሦስት ወይም አራት ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ሲመች የቀበሌ ማኅተም ያርፍበታል። በመጨረሻው መስመር ላይም ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው የሚል ቃል ይሰፍራል። ብዙዎች ይህ ቃል ውሉን የማይነቃነቅ ያደርገዋል ብለው ያምናሉ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲደረግ ብቻ ሳይሆን፣ በቁጥር 1723 እንደተመለከተው በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲሆን ያዛል። ቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በሦስተኛ ወገኖች ላይ መቃወሚያ እንዲሆን በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። በእነዚህ ድንጋጌዎች ውስጥ የቀበሌ ማኅተም አልተጠቀሰም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ የዚህን ፎርም አስገዳጅነት አጽንቷል። ችሎቱ ከዚያ ወዲህ የውሉ መደረግ ባልተካደበት ክርክር ጉዳዩን ለየት ባለ መንገድ የተመለከተበት ጊዜ ቢኖርም፣ አንድ ገዢ መብቱን በሻጩ አለመካድ ላይ ሊያሳርፍ አይገባም። ሻጩ ቢሞትና ወራሾቹ ቢክዱ የሚተርፈው በሥርዓቱ የተመዘገበው ሰነድ ብቻ ነው።

ውሉ ሲፈርስ የሚሆነውም መታወቅ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 መሠረት ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ገዢው የከፈለውን ያገኛል፤ ሻጩ ቤቱን ይረከባል። ይሁን እንጂ ከዓመታት በፊት የተከፈለ ብር በዛሬው ገበያ ያንኑ ቤት አይገዛም። ሻጩም በበኩሉ ገንዘቡን ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና ካዋለው የሚመልሰው አይኖረውም። በዚህም ሁለቱም ወገኖች ተጎጂ ይሆናሉ።

የቤተሰብ ቤት ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው

የድንጋይ ቤቶች ዕድሜያቸው ረጅም መሆኑ ራሱን የቻለ የሕግ ችግር ይፈጥራል። አያት የሠሩት ቤት በልጆችና በልጅ ልጆች ይወረሳል። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው አንድ ወራሽ ቢሆንም፣ ውርሱ በሥርዓት እስካልተከፋፈለ ድረስ ሌሎቹ ድርሻቸው እንዳለ ነው። ከወራሾቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላዋ ቤሩት ወይም ሪያድ፣ ሦስተኛው ዋሽንግተን ሊሆኑ ይችላሉ። በቤቱ የሚኖረው ወንድም ብቻውን የፈረመበት ውል፣ ከሀገር ውጭ ያለችው እኅት ስትመለስ የክስ መነሻ ይሆናል።

የትዳር ጓደኛ ፈቃድም እንዲሁ ሊዘነጋ አይገባም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት አስፈላጊ ነው። የክልሎች የቤተሰብ ሕጎችም ተመሳሳይ መርህ ይከተላሉ። በገጠር የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ላይ የባልና የሚስት ስም በጋራ እንዲሰፍር መደረጉ ለሴቶች መብት መከበር ትልቅ እርምጃ መሆኑ ይታወቃል። ነገር ግን ሚስት በሌለችበት በሽማግሌ ፊት የሚፈረም የቤት ሽያጭ ይህንን እርምጃ ወደኋላ የሚመልስ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ገዢዎችና ወራሾች በአብዛኛው የሚሠሩት በውክልና ነው። ጠቅላላ ውክልና ቤትን ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አያበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የሌላ ሀገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በተሰጣቸው መታወቂያ የማይንቀሳቀስ ንብረት የማፍራት መብት አግኝተዋል። የውጭ ሀገር ዜጎችን በሚመለከትም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እነዚህ ሕጎች ግን የቤት ባለቤት ለመሆን የሚያስችሉ እንጂ የአርሶ አደርን የእርሻ ይዞታ ለመግዛት በር የሚከፍቱ አይደሉም።

ከተማ ሲመጣ

የገጠር መንደር ሁልጊዜ የገጠር መንደር ሆኖ አይቀጥልም። የወረዳ ከተማው ሲሰፋ፣ መንገድ ሲያልፍ ወይም ግድብ ሲሠራ ይዞታው ለሕዝብ ጥቅም ሊለቀቅ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በዚህ ጊዜ የሚከፈለውን ካሣና የልማት ተነሺ ድጋፍ ይወስናል። አዋጁ ባለይዞታ የሚለው በመሬቱ ላይ ሕጋዊ የይዞታ መብት ያለውንና በላዩ ላለው ንብረት ባለቤት የሆነውን ሰው ነው።

እንግዲህ ቤቱን ገዝቶ በላዩ ብዙ ወጪ ያፈሰሰ፣ የይዞታ ደብተሩ ግን በሻጩ ስም የቀረ ሰው፣ የካሣ ገማች ኮሚቴ ወደ ቀበሌው ሲመጣ በየትኛው ስም እንደሚጠራ ማሰብ ይኖርበታል። ደብተሩን የያዘው ሻጭ ቀርቦ ካሣውን ቢጠይቅ ክርክሩ ለዓመታት ሊጓተት ይችላል። ካርታን መሠረት ያደረገው የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ደግሞ የማን ይዞታ የት እንደሚያበቃ በግልጽ ስለሚመዘገብ፣ በቃል ስምምነት የተያዙ ቤቶች ጉዳይ ከቀድሞው የበለጠ መጋለጡ አይቀርም።

የፀጥታ ሁኔታውም ሌላው ነጥብ ነው። በትግራይና በአጎራባች አካባቢዎች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪቆም ድረስ በሰውና በንብረት ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት ተከስቷል። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ባለቤቱ ተፈናቅሎ በሌለበት፣ በቤቱ ላይ ሌላ ሰው ውል የመፈጸሙ ሥጋት ይጨምራል። ስለሆነም ባለመብት ነኝ የሚለውን ሰው ማንነት በሰነድም በጎረቤትም ቃል ማጣራት ተገቢ ነው።

ቅርስ ወይስ የድንጋይ ክምር?

አሁን ያለው አሠራር አንድ ያልታሰበ ውጤት አለው። ሕገ መንግሥቱ ንብረትን የማንሳት መብት ስለሚሰጥ፣ በገጠር ያለ አሮጌ ቤት ሲሸጥ ከክርክር የሚድነው ፈርሶ የሚወሰደው ነው። ጥዱና ወይራው ተነቅሎ፣ ጥርብ ድንጋዩ ተጭኖ ሲሄድ የይዞታ ጥያቄ አይነሳም። ቤቱን እንዳለ ጠብቆ ሊኖርበት የሚፈልግ ገዢ ግን በሕግ ጥርጣሬ ውስጥ ይወድቃል። አርሶ አደሩን ከመፈናቀል ለመጠበቅ የተቀረጸው ሕግ በዚህ ረገድ ለአፍራሹ የተመቸ ሆኖ መገኘቱ ሊጤን የሚገባው ነው።

ለዚህ ክፍተት መሙያ ሊሆን የሚችለው የቅርስ ሕጉ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ ይዞታ ሊቆይ እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱ ቅርሱን የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ የጥገና ሥራም ሥልጣን ባለው አካል ፈቃድ ይከናወናል። በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶች ብሔራዊና ክልላዊ ተብለው እንዲመደቡ ተደርጓል። በመሆኑም በአንድ መንደር ያሉ የድንጋይ ቤቶች የግድ የዓለም ቅርስ ደረጃ ላይ መድረስ አይጠበቅባቸውም። በክልል ደረጃ ተመዝግበው ጥበቃ ሊያገኙ ይችላሉ። የወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቤቱን ከነባለቤቱ ታሪክ፣ ከነፎቶግራፉና ከነልኬቱ ከመዘገበ፣ ቢያንስ የሚፈርሰው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይፈርስም።

ጥገናው ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበትን ቀስ በቀስ እየተነፈሰ ያስወጣል። ይህንን ግድግዳ «ለማጠናከር» ሲባል በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን ወደ ውስጥ ያፍነዋል፤ ጭቃው ይላላል፤ ግድግዳውም ከውስጥ እየተቦረቦረ ይሄዳል። የህድሞ የአፈር ጣሪያ ክረምት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ መደልደል ይፈልጋል። ሰው የማይኖርበት ህድሞ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ውሃ አስገብቶ ይወድቃል። የመንዝ ቤቶች ክዳን የሆነው የጓሳ ሣርም ማኅበረሰቡ ከጥንት ጀምሮ በባህላዊ ሥርዓት ሲጠብቀው ከኖረው ቦታ የሚገኝ ስለሆነ፣ የሚታጨደው በጋራ ደንብ እንጂ እንደተፈለገ አይደለም። ምሰሶና ማገር የሚሆኑትን አገር በቀል ዛፎች መቁረጥም በደን ሕግ የተገደበ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የድንጋይ ቤት ገዢ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ገዝቶ እንደማይቀር ነው። ከግንበኛው፣ ከሣር አጫጁና ከመንደሩ ደንብ ጋር አብሮ የመኖር ግዴታም ይገባል። ሻጩ በክብር ሳይለቅ፣ ጎረቤት ሳይቀበለው የገባ ገዢ ቤቱን የሚያድስለት ባለሙያ እንኳ በቀላሉ አያገኝም።

ያሉት አማራጮች

ሽያጭ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ቤቱ የቤተሰብ ከሆነና ከወራሾች መካከል በመንደሩ የሚኖር ካለ፣ ውርሱን በሥርዓት አከፋፍሎ ከተማ ያሉት ድርሻቸውን ለእርሱ እንዲያስተላልፉ ማድረግና ቤቱን በጋራ ወጪ መጠገን ይቻላል። ይዞታው ከአርሶ አደሩ ቤተሰብ ስለማይወጣ ከሕጉ ዓላማ ጋርም አይጋጭም። ቤቱን ለተወሰነ ጊዜ ለመጠቀም ለሚፈልግ ደግሞ በጽሑፍ የተደረገና ለሚመለከተው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የቀረበ የኪራይ ውል ከጥርጣሬ የጸዳ ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ማኅበራዊ ባለቤትነት ነው። በመቄትና በላስታ አካባቢ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አርሶ አደሮች ራሳቸው ባለቤት የሆኑባቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ተቋቁመው፣ ገቢው ለመንደሩ እንዲውል የተደረገበት ተሞክሮ አለ። በጓሳም የማኅበረሰብ ሎጅ ተገንብቷል። የፀጥታ ችግር የቱሪስት ፍሰትን ቢያዳክምም፣ ተሞክሮው ግን የውጭ ገንዘብ ወደ መንደር ለመግባት የግድ መሬት መግዛት እንደማያስፈልገው አሳይቷል።

ከአስፈጻሚው ምን ይጠበቃል?

በዚህ ሂደት ውስጥ ወሳኙ ሰው የቀበሌ ሥራ አስኪያጁና የወረዳ ባለሙያው ነው። አንድ የቀበሌ ማኅተም በቤት ሽያጭ ውል ላይ ሲያርፍ፣ ሕጉ ያልሰጠውን ኃይል በሕዝቡ ዘንድ ያገኛል። ገዢው ማኅተሙን አይቶ ገንዘቡን ይከፍላል። በመሆኑም ባለሙያው ማኅተም ከማሳረፉ በፊት ተዋዋዮችን ውል ለማረጋገጥ ሥልጣን ወዳለው የፍትሕ አካል መምራት ቀላል፣ ወጪ የማይጠይቅ፣ ግን ብዙ ክርክር የሚያስቀር እርምጃ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የመሬት አስተዳደር፣ የፍትሕና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች መረጃ መለዋወጥ ይኖርባቸዋል። አንዱ ቤቱን በቅርስነት ሲመዘግብ፣ ሌላው ይዞታውን ለመንገድ ሲያስለቅቅ፣ ሦስተኛው የሽያጭ ውል ሲያረጋግጥ አንዱ የሌላውን የማያውቅበት አሠራር ለባለጉዳዩ እንግልት ነው። በሦስተኛ ደረጃ ክልሎች አዋጅ ቁጥር 1324/2016ን ለማስፈጸም ደንብና መመሪያ ሲያዘጋጁ፣ በገጠር ይዞታ ላይ የቆመ ቤት ባለቤትነት ሲተላለፍ ከቤቱ ሥር ያለው መሬት ዕጣ ምን እንደሚሆን በማያሻማ ቋንቋ ቢያስቀምጡ ተገቢ ይሆናል። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ የሚናገረው የጉልበተኛው ውል ነውና።

ቤቱን ሊገዛ የሚነሳ ዜጋም በበኩሉ ሊያሟላቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች አሉ። የይዞታ ማረጋገጫው በማን ስም እንደሆነ ከወረዳው መዝገብ ማየት፣ የወራሽነት ማስረጃ መጠየቅ፣ የሁሉንም ወራሾችና የትዳር ጓደኞች ስምምነት በፊርማ ማግኘት፣ ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን ማጣራት፣ ውሉ ቤቱን ብቻ የሚመለከት መሆኑን በግልጽ ማስፈርና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መፈረም ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቀሪውን ማሟላት ብቻውን በቂ አይሆንም።

አባቶች ድንጋይ ጠርበው ያቆሙት ቤት ረጅም ዘመን ሊቆም የቻለው መሠረቱ ጠንካራ ስለነበረ ነው። ዛሬ በእነዚህ ቤቶች ላይ የሚፈጸም ውልም እንዲሁ በሕግ መሠረት ላይ ሊያርፍ ይገባል። ገዢው ቤት እንጂ መሬት እንደማይገዛ፣ ሻጩም የልጆቹን መኖሪያ እንደማይሸጥ አስቀድሞ የሚነግራቸው አስፈጻሚ ካገኙ፣ አሮጌው ቤት የክርክር መነሻ መሆኑ ቀርቶ ለሚቀጥለው ትውልድ መጠለያ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።